ራሳችሁን እንደ ባዕድ ሰው ፈልጉ፦ ኢንተርኔት ላይ ስለናንተ ምን ያህል እንደሚገኝ ቼክ ማድረጊያ

ባለፈው ዓመት ሁዳዴ ሊገባ ሰሞን አንድ ሰው ደሴ ያለችው እናቴ ጋር ደወለ። በስሟ ከነአባቷ ጠራትና «እማማ አይደንግጡ፣ ልጅዎ የመኪና አደጋ ደርሶበት ነው፣ ሆስፒታል ያደረስነው እኛ ነን፣ ማስያዣ 40 ሺህ ብር ካልገባ ኦፕራሲዮን አይገባም እያሉን ነው» አላት። የኔን ስም እስከ አያት ያውቃል፣ የምሠራበትን ቦታ ያውቃል፣ እህቴ አሜሪካ እንዳለች ያውቃል፣ ልጄ ክርስትና ከተነሳች ወር እንዳልሞላት ሳይቀር ያውቃል። እናቴ ነጠላዋን ደርባ ብሩን ልታስልክ ጎረቤት ልትሄድ ስትል አንድ ነገር ከነከናት፣ ሰውዬው እኔን የሚጠራኝ በትምህርት ቤት ስሜ ነው። ቤትም ሰፈርም በዛ ስም የሚጠራኝ የለም፣ የቤት ስም አለኝ። «እሱ ራሱ ስሙን ማን ብሎ ነገራችሁ?» ብላ ስትጠይቀው ያንኑ የመዝገብ ስሜን ደገመላት፣ ዘጋችበትና ለኔ ደወለች። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሥራዬን እየሠራሁ ነበር።

የዛን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ይሄ ሰው ይሄን ሁሉ ከየት አገኘው ብዬ ራሴን ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ጀመርኩ። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ እያንዳንዱን አገኘሁት። ሙሉ ስሜ ከዓመታት በፊት ለፈተና የተጠሩ ሰዎች ዝርዝር ላይ በፒዲኤፍ ተቀምጧል። የምሠራበት ቦታ፣ ሰዎች ስልካቸው ላይ «እገሌ ከእንትን መሥሪያ ቤት» ብለው ስለመዘገቡኝ የደዋይ ስም በሚያሳይ አፕ ላይ ይወጣል። የክርስትናው ፎቶ የአክስቴ ልጅ ታግ ያደረገችኝ ነው። እህቴ አሜሪካ መሆኗ ኮመንቱ ላይ አለ። የእናቴን ስልክ ደሞ እኔው ራሴ ነኝ የጻፍኩት፣ ደሴ የሚከራይ ክፍል ነበራትና የሆነ ትልቅ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማስታወቂያ ለጥፌላት ረስቼው ነበር። ማንም ሃክ አላደረገንም፣ ሁሉንም የሰጠነው እኛና የሚወዱን ሰዎች ነን፣ ሰውዬው የሠራው ለቅሞ መገጣጠም ብቻ ነው።

ስለዚ ይሄን የምጽፈው ያን ሌሊት የሠራሁትን እናንተም በአንድ ማታ እንድትሠሩት ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፣ ያገኛችሁትን ነገርና የት እንዳገኛችሁት ጻፉ። ሌላው ከመጀመራችሁ በፊት ብሮውዘራችሁን በኢንኮግኒቶ (አካውንታችሁ ባልገባበት መስኮት) ክፈቱ፣ ወይ ከሁሉም አካውንት ሎግ አውት አድርጉ፣ ምክንያቱም በራሳችሁ አካውንት ገብታችሁ ካያችሁ ለናንተ ብቻ የሚታየውንና ለሁሉም የሚታየውን መለየት አትችሉም። ከተቻለ የማታውቁት ሰው የሚያይበትን ዓይን ተዋሱ፣ ማለቴ ፌስቡክ ላይ ጓደኛችሁ ያልሆነ ሰው ስልክ ካገኛችሁ በሱም እዩት።

በስም ጀምሩ። ጎግል ላይ ሙሉ ስማችሁን እስከ አያት በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርጋችሁ ፈልጉ፣ ጥቅሱ ከሌለ ቃላቱን በታትኖ ነው የሚያመጣላችሁ። ከዛ አጻጻፉን እየቀያየራችሁ ድገሙት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ አንዴ ፈልጎ ምንም የለም ብሎ ይተወዋል። የኛ ስም እኮ በአንድ መንገድ አይጻፍም፣ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ አራቱም የተለያየ ውጤት ሊያመጡ ይችላሉ፣ ፀሐይና ጸሃይ እንደዛው፣ ገብረና ገ/ የሚለው ምህጻረ ቃልም እንደዛው። በእንግሊዝኛ ፊደል ደሞ ይባስ፣ ፓስፖርት ላይ ያለው አጻጻፍ ሌላ፣ ዲግሪ ላይ ያለው ሌላ፣ ፌስቡክ ላይ በራሳችሁ የመረጣችሁት ሌላ ነው። ሁሉንም ሞክሩ። ስሙ ብዙ ሰው ያለው ከሆነ የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት ወይም ከተማውን ጨምሩበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር እኔን በጣም ያስደነገጠኝ ነው። የራሳችሁን ስም ተዉትና የአባትና የአያት ስም ብቻ ፈልጉ። ሌላ አገር ቤተሰብ የሚያገናኘው አንድ የጋራ ስም ነው፣ እኛ ጋር ግን ስም ራሱ የዘር ሐረግ ነው፣ ወንድምና እህት የአባትና የአያት ስማቸው አንድ ስለሆነ ሁለቱን ስሞች ብቻ የያዘ ሰው እህት ወንድሞቻችሁን በሙሉ ያወጣቸዋል። አባት የሆናችሁ ደሞ፣ የናንተን ስምና የአባታችሁን ስም ይዞ ከፈለገ ልጆቻችሁን ያገኛል። ስለዚ ፌስቡክ ላይ ስሜን ቀይሬ ገብቻለሁ ያለ ሰው፣ እህቱ በሙሉ ስሟ ካለችና «ወንድሜ እንኳን ተወለድክ» ካለችው መደበቁ ዋጋ የለውም። የእናት ስምም እንደዛ ነው። የእናቶች ቀን ሲመጣ የእናታችንን ሙሉ ስም ከነፎቶዋ እንለጥፋለን፣ የእናት ስም ደሞ ባንክ ሂሳብ ስትከፍቱ ፎርም ላይ የምትሞሉት፣ ማንነታችሁን ለማጣራት የምትጠየቁት ነገር ነው።

ስም ስትፈልጉ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አትቁሙ፣ ሦስተኛም አራተኛም ገጽ ድረስ ሂዱ፣ ፒዲኤፍ ካያችሁ ክፈቱት። አገራችን ውስጥ የሰው ስም በዝርዝር የሚወጣበት ብዙ አጋጣሚ አለ፦ ለሥራ ፈተና የተጠሩ፣ ስኮላርሺፕ ያለፉ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላቸው። ያልታሰበው ደሞ የሐራጅ ማስታወቂያ ነው። ባንክ መያዣ ሲሸጥ ጋዜጣ ላይ የተበዳሪው ስም፣ የአስያዡ ስም፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የካርታ ቁጥር ተዘርዝሮ ይወጣል፣ ያ ማስታወቂያ ደሞ ጨረታ የሚያሰባስቡ ዌብሳይቶችና የቴሌግራም ቻናሎች ላይ ይገለበጣል። ለዘመድ ብላችሁ ቤት ያስያዛችሁ ሰዎች ብድሩ ተከፍሎ ካለቀ በኋላም ስማችሁ እዛው ተቀምጦ ልታገኙት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ስልክ ቁጥር። እኛ አገር ዋናው ቁልፍ ስልክ ቁጥር ነው፣ ኢሜይል አይደለም። ቴሌግራሙም፣ ዋትስአፑም፣ ባንኩም፣ ቴሌብሩም በሱ ነው የተከፈተው። ቁጥራችሁን በ09 ወይ በ07 ጀምራችሁ፣ ከዛ በ+251፣ ከዛ መሃሉ ላይ ክፍተት እያስገባችሁ በጥቅስ ውስጥ ፈልጉት። ከዛ ቴሌግራም ክፈቱና መፈለጊያው ላይ ያንኑ አድርጉ። ፐብሊክ የሆነ ግሩፕ ላይ የጻፋችሁት ነገር አባል ላልሆነ ሰውም ይታያል፣ ፐብሊክ ቻናል ደሞ አፑ ሳይኖር በብሮውዘርም ይከፈታል። ቤት ሊያከራይ፣ ስልክ ሊሸጥ፣ ሠራተኛ ሊፈልግ ቁጥሩን ከነሰፈሩ የለጠፈ ሰው ያ ጽሑፍ ከ5 ዓመት በኋላም እዛው ነው። በራሳችሁ የጻፋችሁትን ተመልሳችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ፣ ከግሩፑ ወጥታችሁ ከሆነ እንደገና ግቡና አጥፉት። ደላላ በቻናሉ የለጠፈውን ግን እሱን መለመን ነው።

ቁጥሩን ብቻ የያዘ ሰው ምን ያገኛል የሚለውን ለማወቅ ጓደኛችሁን ቁጥራችሁን በሌላ ስም ሴቭ እንዲያደርገው ጠይቁት፣ ከዛ ዋትስአፕና ቴሌግራም ላይ ምን እንደሚታየው እዩ። በ2025 የቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊኖሩ የሚችሉ ቁጥሮችን በኮምፒውተር እየፈጠሩ ዋትስአፕን በመጠየቅ 3.5 ቢሊዮን አካውንት ማረጋገጥ ችለው ነበር፣ ከነዛ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የፕሮፋይል ፎቷቸው ለማንም ክፍት ነበር። በሞባይል ባንኪንግ ወይም በቴሌብር ብር ልትልኩ ስትሉ ደሞ የተቀባዩ ስም ይመጣል። ይሄ ብር በስህተት ለሌላ ሰው እንዳይሄድ የተሠራ ጠቃሚ ነገር ነው፣ ይጥፋ እያልኩ አይደለም፣ ግን ቁጥራችሁን የያዘ ሰው ስማችሁን ማወቅ እንደሚችል ገብቷችሁ ኑሩ። የኔ መፍትሔ ለማስታወቂያና ለማላውቀው ሰው የምሰጠው ሁለተኛ ሲም ማውጣት ነው፣ እሱ ላይ ባንክም ቴሌብርም ቴሌግራምም አልከፈትኩበትም፣ ቀፎውም አሮጌ ባለ በተን ነው።

የደዋይ ስም የሚያሳዩ አፖችን በተመለከተ፣ እናንተ አፑን ጭናችሁ ባታውቁም ስማችሁ እዛ ሊኖር ይችላል፣ ምክንያቱም መረጃው የሚመጣው ሌሎች ሰዎች እናንተን ከሚያውቁበት ስም ነው። «እገሌ ሹፌር»፣ «እገሊት ቦሌ ፀጉር ቤት»፣ «የእገሌ ሚስት» እያለ ሥራችሁን፣ ሰፈራችሁን፣ ትዳራችሁን ያወጣዋል። ትሩኮለር ቁጥር ማስወጫ ገጽ ዌብሳይቱ ላይ አለው፣ አካውንት ካላችሁ መጀመሪያ ዲአክቲቬት ታደርጋላችሁ፣ ከዛ ቁጥራችሁን ከነ+251 አስገብታችሁ አንሊስት ትላላችሁ። ጌትኮንታክትም እንደዚሁ ማስወጫ አለው።

ፎቶ ላይ ትንሽ ልቆይ። የፕሮፋይል ፎቷችሁን ወስዳችሁ ጎግል ሌንስና ያንዴክስ ላይ አስገቡት፣ የት የት እንዳለ ያመጣላችኋል። ፒምአይስ የሚባል ደሞ አለ፣ ሌሎቹ ተመሳሳይ ፎቶ ሲፈልጉ እሱ ፊታችሁን ነው የሚፈልገው፣ ሌላ ሰው ሠርግ ላይ ከኋላ የቆማችሁበትን ሳይቀር ሊያመጣ ይችላል። በ2024 ሁለት የሃርቫርድ ተማሪዎች ካሜራ ያለውን የሜታ መነጽር ከዚህ ዓይነት ፍለጋ ጋር አገናኝተው መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ስምና አድራሻ እዛው ሲያወጡ አሳይተዋል። ፒምአይስ ፊታችሁ ውጤት ላይ እንዳይመጣ መጠየቂያ አለው፣ መታወቂያ ላኩ ስለሚል ከፊታችሁ በስተቀር ያለውን ሁሉ ሸፍናችሁ ላኩ።

ከዛ ፎቶው ውስጥ ያለውን ነገር እዩ። የልጆች ዩኒፎርም ላይ ያለው የትምህርት ቤት አርማ፣ አዲስ የተገዛ መኪና ታርጋ፣ የግቢው በር ከነቤት ቁጥሩ፣ የጋዎን ፎቶ ላይ ከጀርባ የተዘረጋው ባነር። ቦሌ ኤርፖርት ስንሸኝ ቦርዲንግ ፓስ ይዘን የምንነሳው ፎቶ ላይ ስምና የቦታ ማስያዣ ኮድ አለ፣ ብዙ አየር መንገዶች ዌብሳይት ላይ በነዚህ ሁለት ነገሮች ብቻ ጉዞውን መክፈት ይቻላል። ለዕድር፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለታመመ ሰው ብር ስናዋጣ ግሩፕ ላይ የምንለጥፈው ደረሰኝም ሙሉ ስማችንን ይዞ ነው የሚሄደው፣ ከላካችሁ የግብይት ቁጥሩንና ሊንኩን ሸፍናችሁ ላኩ። ፎቶን በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ከላካችሁት የተነሳበት ቦታ መረጃ ይጠፋል፣ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብላችሁ እንደ ፋይል ከላካችሁት ግን የተነሳበት ጂፒኤስ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

እዚህ ጋ ፎቶ ኮፒ ቤትን ሳላነሳ አላልፍም፣ ኢንተርኔት አይመስልም ግን ነው። ፋይዳችሁን ወይም ፓስፖርታችሁን ፕሪንት ልታስደርጉ ስትሄዱ «በቴሌግራም ላክልኝ» ይሏችኋል፣ ትልኩና ታትሞ ይሰጣችኋል፣ ፋይሉ ግን የዛ ቤት ቴሌግራም ላይ የብዙ መቶ ሰው መታወቂያ መሃል ይቀመጣል፣ ኮምፒውተሩን ደሞ የሚነካው ብዙ ሰው ነው። እንደጨረሳችሁ ወጥታችሁ ሳትሄዱ ቻቱን ከሁለቱም ወገን አጥፉ፣ ኮምፒውተሩ ዳውንሎድ ውስጥ ያለውንም እንዲያጠፋው በትህትና ጠይቁት፣ እኔ ጠይቄ እምቢ ያለኝ የለም። በፍላሽ መውሰድም ይቻላል ግን ቫይረስ ሊይዝባችሁ ይችላል። ፋይዳን በቆንጆ ካርድ አድርገን እናትምላችኋለን ለሚሉ የቴሌግራም ቦቶች መላክ ግን በፍጹም፣ ከጀርባው ማን እንዳለ አታውቁም፣ የጣት አሻራችሁ ጋር የተያያዘ ቁጥር ነው የምትሰጡት።

አሁን ወደ መዝጋት። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ፣ ከዛ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዛ ፎን ነምበር ግቡና ኖባዲ አድርጉት። ኖባዲ ስትሉት ከስሩ ሌላ ምርጫ ይመጣል፣ በቁጥሬ ማን ያግኘኝ የሚለው፣ እሱን ማይ ኮንታክትስ አድርጉት፣ ብዙ ሰው ላይኛውን ዘግቶ ይሄኛውን ክፍት ይተወዋል። የድሮ የፕሮፋይል ፎቶዎችም ወደ ጎን እየተገፉ ስለሚታዩ አንድ በአንድ አጥፏቸው። ዋትስአፕ ላይ ፕሮፋይል ፎቶና አባውት የሚለውን ማይ ኮንታክትስ አድርጉ።

ፌስቡክ ሴቲንግ ውስጥ ሰዎች እንዴት ያገኙኛል የሚል ክፍል አለ፣ እዛ የጓደኞቻችሁን ዝርዝር ለራሳችሁ ብቻ አድርጉት። ከሁሉም በላይ እሱ ነው፣ ምክንያቱም አጭበርባሪ የሚፈልገው እናንተን ብቻ አይደለም፣ በናንተ ስም የሚደውልላቸውን ሰዎች ነው። በስልክና በኢሜይል መፈለግን ኦንሊ ሚ አድርጉ፣ ጎግል ፕሮፋይሌን ያምጣ የሚለውን አጥፉ። የድሮ ፖስቶችን ሁሉ በአንዴ ለጓደኛ ብቻ የሚያደርግ ሊሚት ፓስት ፖስትስ የሚባል አለ፣ 10 ዓመት ሙሉ የለጠፋችሁትን አንድ በአንድ ከመክፈት ያድናችኋል። በ2021 የ533 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ስልክ ቁጥርና ስም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ተለቆ ነበር፣ የተሰበሰበው ያኔ በቁጥር ሰው መፈለግ ክፍት በነበረበት መንገድ ነው። ኢሜይላችሁ እንዲህ ተለቆ የወጣ መረጃ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ (haveibeenpwned.com) የሚባለው ዌብሳይት ላይ በነጻ ማየት ይቻላል። ቲክቶክ ላይ ሰጀስት ዩር አካውንት ቱ አዘርስ የሚለውን ሁሉንም አጥፉት፣ ካልሆነ ቁጥራችሁን የያዘው የቀድሞ አለቃችሁ ሳይቀር ይመጣለታል።

ሌላ ሰው የለጠፈው ነገር ከሆነ በትህትና ጻፉ። መሥሪያ ቤት ከሆነ በወግ ይጻፍ፣ እኔ የላክሁት ይሄን ይመስላል፦ «በድረ ገጻችሁ ላይ ባለው የተፈታኞች ዝርዝር ውስጥ ሙሉ ስሜና ስልክ ቁጥሬ ይገኛል። ዝርዝሩ የወጣበት ጉዳይ ስለተጠናቀቀ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት እንዲነሳልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» አዋጁ የራሳችንን መረጃ የማየት፣ የማስተካከልና የማስሰረዝ መብት ይሰጠናል፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአራተኛው ቀን አነሱልኝ። ከተነሳ በኋላም ጎግል ላይ ትንሽ ጊዜ ሊታይ ይችላል፣ ለጎግል ስልክ ቁጥር፣ አድራሻ ወይም መታወቂያ ቁጥር ከፍለጋ ውጤት እንዲወጣ መጠየቂያ ፎርም አለ። ጎግል የሚያነሳው ከፍለጋው ላይ እንጂ ከዋናው ገጽ እንዳልሆነ ግን አትርሱ።

ውጭ ያላችሁ ደሞ ነገሩ ይለያል። አሜሪካ ስፖኪዮ፣ ዋይትፔጅስ፣ ትሩፒፕልሰርች የመሳሰሉት ሰው መፈለጊያ ዌብሳይቶች ላይ ስማችሁንና ከተማችሁን ስታስገቡ የኖራችሁበት አድራሻ ሁሉ፣ ዕድሜያችሁ፣ ዘመዶቻችሁ ይመጣሉ። እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባች ጀምሮ የቀያየረቻቸው ሦስት አፓርትመንቶች ከነቁጥራቸው ነበሩ። ሁሉም በነጻ ኦፕት አውት (መረጃዬን አውጡልኝ ብሎ መጠየቂያ) አላቸው፣ አንድ በአንድ መሙላት ነው፣ ገንዘብ ክፈሉ የሚላችሁን እለፉት። ሜሪላንድ ያላችሁ የፍርድ ቤቱን ኬዝ ሰርች እዩት፣ የትራፊክ ቅጣት ሳይቀር በስም ይወጣል። ስዊድን የመንግሥት መዝገብ ለሕዝብ ክፍት የሆነው ከ1766ቱ ሕግ ጀምሮ ስለሆነ ሂታና ራትሲት የሚባሉ ዌብሳይቶች ላይ አድራሻና ዕድሜ መገኘቱ እዛ አገር የተለመደ ነው፣ የሚያስፈራራችሁ ሰው ካለ ግብር መሥሪያ ቤቱ ማንነት የሚጠበቅበት አሠራር አለው፣ ጠይቁ። ዓረብ አገር ላላችሁ እህቶች ደሞ፣ ኤጀንሲዎች ሲቪ ብለው ሙሉ ቁመና ፎቶ ከፓስፖርት ቁጥር ጋር ፌስቡክና ዌብሳይት ላይ የሚለጥፉበት አለ፣ ሥራ ከገባችሁ በኋላም አይነሳም። ስማችሁን በፓስፖርቱ አጻጻፍ በጥቅስ ፈልጉት፣ ካገኛችሁት የገጹን ፎቶ አንሱና ለኤጀንሲው ልካችሁ አስነሱ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ የማይጠፋ ነገር ይቀራል። የለቅሶ ማስታወቂያ ላይ የልጆቹ ስም በሙሉ ተዘርዝሯል፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ የቤተሰቡ ሰፈር አለ፣ እነዚህን አጥፉ ብሎ ዘመድ ማስቀየም አልፈልግም፣ አንዳንዱን ለምኜ አስጠፍቻለሁ አንዳንዱን ትቼዋለሁ። እናቴን ያዳናት የቤት ስሜስ ብዬ ስፈልግ ደሞ ልደቴ ላይ አክስቶቼ የጻፉት ኮመንት ውስጥ ሞልቷል፣ ያ ሰውዬ ትንሽ ወረድ ብሎ ቢያነብ ኖሮ ያገኘው ነበር። የኔ ፖስት ላይ ያሉትን አጠፋኋቸው፣ እነሱ ገጽ ላይ ያሉትን ግን አልችልም።

ስለዚ ቤተሰብ ስትሰበሰቡ፣ በስልክ አይሁን በአካል፣ አንድ ጥያቄና መልስ ተስማሙ። ማንም ሰው ታመመ፣ ታሰረ፣ ታገተ ብሎ ብር ከጠየቀ መጀመሪያ ያ ጥያቄ ይጠየቃል፣ የታወቀ ድምፅ ቢሆንም ጭምር፣ አሁን ድምፅም ይገለበጣልና። መልሱ የትም ተጽፎ የማያውቅ ነገር ይሁን፣ ትምህርት ቤትና የትውልድ ቦታ አይሆንም፣ እነሱ ፕሮፋይላችሁ ላይ አሉ። ፎቶ ከመኖሩ በፊት የነበረ ነገር ጥሩ ነው። እናቴ የመረጠችው አያቴ ቤት የነበረችውን የላም ስም ነው፣ እኔና እህቴም በልጅነታችን ስለጠበቅናት እናስታውሳታለን፣ ጎግል ላይ በአራቱም አጻጻፍ ፈልጌው ምንም አልመጣም።